የሕገ መንግሥት ክርክር ከጎንደር ተነሥቶ የት ይደርሳል? ፈር የቀደዱ ውሳኔዎችና የመዝገቡ መንገድ

ጠያቂ፦ ማራኪ ግቢ

እንደምን ከረማችሁ። ጎንደር ውስጥ ነፃ የሕግ ድጋፍ ለሚሰጡ ወጣቶች የአንድ ቀን ሥልጠና እየተሰናዳ ነው። መልመጃው ላይ የተቀመጠው ጉዳይ የታሰበ እንጂ የማንም አይደለም፦ አዘዞ በኩል ይዞታው ለልማት የተፈለገ ሰው የካሳው መጠን አላረካውም። ለኮሚቴ አቤት ቢል ውድቅ ሆነበት። መመሪያው ደግሞ «የኮሚቴው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ወደ ፍርድ ቤት አይኬድበትም» ይላል። ክስ ሲመሠርት ፍርድ ቤቱ «ሥልጣን የለኝም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

መልስ የምፈልግባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ይህን መመሪያ «ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ ወደ ጎን መተው ይችላል ወይ? ሰበርና የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ልዩነታቸው ለብዙ ሰው አይገባም፤ በምን ቋንቋ ይነገረው? እና ሠልጣኞቹ የትኞቹን ውሳኔዎች ሳያነቡ መውጣት የለባቸውም?

ምላሽ፦ ቀሐ

መጀመሪያ ሥሩን እንያዝ። በብዙ አገር ፍርድ ቤት ሕግን የሚሽርበት ሥልጣን የመጣው ከአሜሪካው የማርበሪ ጉዳይ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1803። ማርበሪ የሹመት ወረቀቱን ሳያገኝ ቀረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን እግረ መንገዱን «ከሕገ መንግሥቱ የሚጋጭ ሕግ ሕግ አይደለም፣ ይህንንም የምንለው እኛ ነን» አለ። የእኛ ሕገ መንግሥት ይህን መንገድ ሆን ብሎ አልተከተለም። አንቀጽ 62(1) እና አንቀጽ 83 የመተርጎሙን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጡት። ምክንያቱም ሰነዱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነውና ተርጓሚውም የእነሱ ወኪሎች ይሁኑ የሚል ነው። አጣሪ ጉባኤው በአንቀጽ 82 የተቋቋመ 11 አባላት ያሉት አካል ነው፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ 6 የሕግ ባለሙያዎች፣ ከምክር ቤቱ የሚወከሉ 3 ሰዎች። ጉባኤው የሚያጠናና የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ የጎንደር ዳኛ አዋጅን «ኢ-ሕገ መንግሥታዊ» ብሎ አይሽርም። ነገር ግን መልመጃችሁ ላይ ያለው አዋጅ አይደለም፣ መመሪያ ነው። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሁሉ የሚስተው። ሰው በቁጣ በቀጥታ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 (ፍትሕ የማግኘት መብትን) ይጠቅሳል፤ ከመመሪያው በላይ ያለውን አዋጅ አይከፍትም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ካቆመ በኋላ የፍርድ ቤቱን በር ክፍት አድርጎ ትቶታል። አዋጁ የከፈተውን በር መመሪያ ሊዘጋው አይችልም። ይህን ለመወሰን ደግሞ የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልግም፤ የበታች ሕግ ከበላዩ ሲጋጭ የበላዩ ይጸናል፣ አለቀ። ይህ ተራ የሕግ ክርክር ነው፣ ዳኛው ሙሉ ሥልጣን አለው።

ስለዚህ ሠልጣኞቹን ቅደም ተከተሉን አስለምዷቸው፦ መመሪያው ከደንቡ ይጋጫል? ደንቡ ከአዋጁ ይጋጫል? ሁለቱም ተፈትሾ አዋጁ ራሱ በሩን ዘግቶ ሲገኝ ነው ወደ ሕገ መንግሥቱ የሚኬደው። ሌላም አለ። ደንበኛው አዋጁ ያቆማቸውን የአስተዳደር ደረጃዎች ሳይጨርስ ክስ መሥርቶ ከሆነ «ሥልጣን የለኝም» የተባለው በመመሪያው ሳይሆን በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ብይኑን ቃል በቃል ሳታነቡ ይግባኝ አትጻፉ።

ምላሽ፦ አራዳ ጠበቃ

ቀሐ መሠረቱን ጥሎታል። ስለ ሰበር ልጨምር።

ሰበር የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ችሎት ነው፤ የሚያርመውም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው (አንቀጽ 80(3))። ፍሬ ነገር አይመዝንም፣ ምስክር አይሰማም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከ5 ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ሆነ። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህንኑ አጽንቶ ይዞታል። አንድ ነገር ግን ጠበበ፦ በክልል ጉዳይ የክልሉ ሰበር የመጨረሻ ውሳኔ ከሰጠበት በኋላ ወደ ፌዴራል ሰበር ለመሻገር የሕግ ስህተት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆኑ መታየት አለበት። ባሕር ዳር ላይ የተሸነፈ ሁሉ አዲስ አበባ መዝገብ ይከፈትልኛል ብሎ እንዳያስብ አስቀድሞ ይነገረው። ያለዚያ የትራንስፖርቱና የአበሉ ወጪ በከንቱ ነው።

አጣሪ ጉባኤ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አራተኛ ይግባኝ አይደለም። አቤቱታዎች ከሚወድቁባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ነው። አጻጻፉን ጎን ለጎን ተመልከቱት። የሚወድቀው እንዲህ ይላል፦ «ፍርድ ቤቶቹ ያቀረብኩትን ደረሰኝ ሳይመዝኑ፣ የምስክሮቼን ቃል ወደ ጎን በመተው የወሰኑት ውሳኔ ፍትሕ የጎደለው ስለሆነ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይሻርልኝ።» ይህ የማስረጃ ምዘና ቅሬታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሕገ መንግሥት የሚል ቃል ስለተጨመረበት የሕገ መንግሥት ጉዳይ አይሆንም። የሚያስኬደው እንዲህ ይጻፋል፦ «የ... አዋጅ አንቀጽ ... የተጎዳ ሰው ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ ስለሚከለክል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37(1) በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብቴን ይጥሳል። ይህን ተቃውሞ በ... መዝገብ በ... ቀን አንሥቼ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በ... ገጽ አልፎታል።» የተጠቃው ድንጋጌ፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ተቃውሞው የተነሣበት ቀንና ገጽ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ አቤቱታው ባዶ ነው።

የቀኑና የገጹ ነገር እንዴት እንደሚጠቅም የከድጃ በሽር ጉዳይ ያሳያል። ሠልጣኝ አንድ ውሳኔ ብቻ የሚያነብ ከሆነ እኔ ይህን አስነብበዋለሁ። የውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተነሣባቸው፤ እሳቸው ገና ከመነሻው «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃዴን አልሰጠሁም» ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው ታለፈ፣ ይግባኙም አልሠራም፣ የፌዴራል ሰበርም የሕግ ስህተት አላየበትም። በአጣሪ ጉባኤው በኩል ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰና በ1996 ዓ.ም. ያለፈቃዳቸው የተሰጠው ውሳኔ አንቀጽ 34(5)ን እንደሚጥስ ተወሰነ። አንቀጹ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ ያቆመ ነው። እዚህ ውሳኔ ውስጥ ዋናው ነገር ተቃውሞው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ዝም ብሎ ተከራክሮ ሲሸነፍ «አልፈቀድኩም» የሚል ሰው ይህን ውሳኔ ሊጠቅሰው አይችልም። ይልቁንም በፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። «አልቀበለውም» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው፤ መቅረብና ተቃውሞውን በጽሑፍ ማስያዝ አለበት።

ምላሽ፦ እመት ፍርድ

ሁለታችሁም ደኅና አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ነገር ግን ሠልጣኞቹ «ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን አይነካም» ብለው እንዳይወጡ እሰጋለሁ። ይህ አባባል በዳኞችም ዘንድ ተለምዶ ብዙ መብት አስቀርቷል። አንቀጽ 13(1) በምዕራፍ 3 የተዘረዘሩትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በየደረጃው ባሉ የዳኝነት አካላትም ላይ ጥሏል። ሕግን መሻር ሌላ፣ ሕገ መንግሥቱን በሥራ ላይ ማዋል ሌላ ነው።

ማስረጃው የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ነው፣ 2000 ዓ.ም.፣ በሰበር ውሳኔዎች ስብስብ ቅጽ 5 ላይ ይገኛል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስት ናት፤ አባት ቆይቶ መጥቶ «ልጄን ስጡኝ» አለ። የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች እስከ ክልሉ ሰበር ድረስ የቤተሰብ ሕጉን ፊደል ይዘው ለአባት ፈረዱ። የፌዴራል ሰበር ግን አንቀጽ 36(2)ንና ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ፣ ከወላጅ መብት በፊት የልጁ ደኅንነት ይታይ ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ለምክር ቤት አልላከውም፣ አጣሪ ጉባኤን አልጠየቀም። ሕገ መንግሥቱን በቀጥታ አንሥቶ ፈረደበት። ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ላይ ልጅ የማሳደግ ክርክር ያለው ጠበቃ ይህን መዝገብ ሳይጠቅስ መቆም የለበትም። አዋጅ 1234/2013ም በምዕራፍ 3 የተመለከቱ፣ በፍርድ ሊታዩ የሚችሉ ሰብአዊ መብቶችን ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ሰጥቶታል።

በሌላ በኩል የሚያስቆጨውንም ይወቁት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 155/2000 አንቀጽ 37 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ኃላፊ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ ያለ መደበኛው የዲሲፕሊን ሥርዓት እንዲያሰናብት ፈቀደ፤ የተሰናበተውም በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራ አይመለስም አለ። ሠራተኞች የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37(1) ይዘው አጣሪ ጉባኤ ዘንድ ቀረቡ፤ ጉባኤው አልተቀበላቸውም። መከራከሪያው ያረፈው «በፍርድ ሊወሰን የሚገባው ጉዳይ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው፦ ሕግ አውጪው ጉዳዩን ከፍርድ ቤት ካወጣው በፍርድ የሚወሰን መሆኑ ቀርቷል የሚል። ይህ አተረጓጎም ስህተት ነው እላለሁ። ሐረጉ የነገሩን ባሕርይ የሚመለከት እንጂ ለማንም አካል የመዝጊያ ቁልፍ የሚሰጥ አይደለም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ይህንኑ ነው። ሰው መሸነፉን ይችለዋል፤ ሳይሰማ መመለሱን አይችለውም። ለመልመጃችሁ የሚጠቅመው ታዲያ፦ አንቀጽ 37ን ብቻውን ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። ከካሳ ጋር ሲሆን አንቀጽ 40(8)ን አብሮ መያዝ ይገባል፤ ይህ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። መብቱ በሕገ መንግሥቱ በራሱ የቆመ ስለሆነ «በፍርድ አይወሰንም» ለማለት ይከብዳል።

ምላሽ፦ ደምቢያ

የመንግሥትን ሥልጣን ልክ የነኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ፤ ሥልጠናው ላይ ክርክር የሚያስነሡት እነሱ ናቸው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባ ለአንድ ወር ከለከሉ። ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ከሰሰ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ራሱ ከመወሰን ይልቅ ለአጣሪ ጉባኤ ላከው፤ ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም ብሎ መለሰው። ሠልጣኞቹ የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ፖለቲካ ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3/1983ን ከፍተው፣ ያ ትእዛዝ የማን ሥልጣን እንደነበር በአዋጁ ብቻ መወሰን ይቻል እንደሆነ ይከራከሩበት። የቀሐን ምክር መሞከሪያ ይሆናል።

በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተለቀው ወዲያው እንደገና ተያዙ። በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ ማሻሻያም ታወጀ። ዋስትና በአንቀጽ 19(6) መብት ነው፤ «በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች» የምትለው ሐረግ ምን ያህል እንደምትለጠጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዙ ደግሞ የመመረጥ መብት ነው። በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ቋንቋ አያውቁም የተባሉ እጩዎች ተሰረዙ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. ሲወስን የሕጉን ድንጋጌ አልሻረም፤ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃል ብሎ ተረጎመውና የምርጫ ቦርድን እርምጃ ኢ-ሕገ መንግሥታዊ አለው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ሕጉን አቁሞ አፈጻጸሙን መጣል የሚባለው ይህ ነው፤ ለአቤቱታ ጸሐፊ ትልቅ ትምህርት አለበት። «ድንጋጌው ይሻርልኝ» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበጅም፤ «ይህ ካልሆነ ድንጋጌው እንዲህ ይተርጎምልኝ» የሚል አማራጭ ዳኝነት ይጨመርበት።

የ2012ቱን ሁሉም ያስታውሰዋል። በኮሮና ምክንያት ነሐሴ ላይ ሊደረግ የነበረው ምርጫ ሲቋረጥ ጥያቄው በትርጉም መንገድ ሄደ። አጣሪ ጉባኤው በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት የባለሙያዎችን ክርክር በቴሌቪዥን አሰማ። ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን አራዘመ። የተተረጎሙት አንቀጽ 54(1)፣ 58(3) እና 93 ናቸው። እዚያ ላይ ተከራካሪ ወገን አልነበረም፣ የተዘጋ መዝገብም አልነበረም፤ ጥያቄውን ያቀረበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ግለሰብ በዚያ መንገድ መሄድ እንደማይችል ይነገር።

ጠያቂ፦ ማራኪ ግቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ መልመጃውን ከሥሩ እቀይረዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የክልሉ ሕገ መንግሥት የተጣሰ ከሆነ ወዴት ነው የሚኬደው? ሌላው፣ ከደምቢያና ከጭልጋ ስለ ወለድ አገድ ጥያቄ እንደሚነሣ እጠብቃለሁ።

ምላሽ፦ አራዳ ጠበቃ

የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የራሱ የሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን አለው፤ አባላቱ ከየወረዳው ምክር ቤት የሚወከሉ ናቸው። የሚያጣራለትም ጉባኤ አለ። የክልሉን ሕገ መንግሥት ብቻ የሚመለከተው ወደዚያ ይሄዳል። የክልሉ አዋጅ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ጥሷል የሚባል ከሆነ ግን አንቀጽ 84(2) «የፌዴራልም ሆነ የክልል ሕግ» ስለሚል ወደ ፌዴራሉ አጣሪ ጉባኤ ነው። ያው መብት በሁለቱም ሰነድ ሊገኝ ስለሚችል የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሳችሁ መንገዱን ይወስነዋል።

ጉዳዩ የፌዴራል ከሆነም ጎንደር ላይ የፌዴራል ችሎት መፈለግ አያሻም። በአንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። አቤቱታው ራስጌ ላይ «በውክልና ሥልጣን» መታየቱ ይጻፍ፤ ይግባኙ የሚሄድበትን ቦታ ይለውጠዋልና። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚሠራው ግን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ላይ ነው። የማዘጋጃ ቤትን መመሪያ ለመቃወም እሱን መጥቀስ ስህተት ነው።

ወለድ አገድን በተመለከተ፣ ገበሬው ብር ወስዶ መሬቱን ለአበዳሪው እስኪከፍል የሚለቅበት ውል በገጠር መሬት ላይ አንቀጽ 40(3)ን ይቃረናል ተብሎ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ተወስኗል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም በተባለበት፣ ብሩ ሳይመለስ ዓመታት ሲቆጠሩ ውሉ ሽያጭ ሆኖ ይገኛልና። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ለሕጋዊ አበዳሪ ተቋም ማስያዝ መፍቀዱ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ምላሽ፦ እመት ፍርድ

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ለአጣሪ ጉባኤ አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም። እግድ በራሱ ርእስ፣ ከነምክንያቱ መጠየቅ አለበት፤ ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ የአፈጻጸም ትእዛዙ ቅጂ ይያያዝ። ከየደረጃው ፍርድ ቤት በማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ ያስፈልጋል፤ ከመጨረሻው ብቻ ማቅረብ አይበቃም፣ ሁሉም አማራጭ መሟጠጡ የሚታየው በሰንሰለቱ ነውና። ግልባጩን ውሳኔው በተነበበበት ቀን ሬጅስትራር ዘንድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ቅጂም አስቀምጡ። ጉባኤው «ትርጉም አያስፈልገውም» ብሎ ከመለሰው በአንቀጽ 84(3) ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ አለ። ምክር ቤቱ የሚሰጠው ትርጉም ደግሞ ወደፊት በሚነሡ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይም ይሠራል፤ ከአዲስ መዝገብ በፊት የታተሙትን ውሳኔዎች ማየት ያስፈልጋል።